ማን ሰጠ? ማን ገዛ? — ኮምፒዩተር የዓረፍተ ነገርን አገባብ እንዴት ይፈታል

(ለጠቅላላው ሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንጀምር። «ከበደ ትናንት የገዛውን መጽሐፍ ሰጠኝ።» አምስት ቃላት ናቸው፤ ለማንም የሚከብድ ቃል የለበትም። መጽሐፉን የሰጠኝ ማን ነው? «ከበደ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። መቼ ሰጠኝ? እዚህ ላይ አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል። ትናንት የገዛውን ዛሬ ሰጠህ የሚል ይኖራል፤ የለም፣ ቀድሞ የገዛውን ትናንት ሰጠህ የሚልም ይኖራል። ሦስተኛ ወገንም አይጠፋም፦ ከበደ መጽሐፉን ገዛ እንጂ አልሰጠህም፣ የሰጠህ ሌላ ሰው ነው የሚል። ስለ ወንድሙ እያወራን ቆይተን «ከበደ ትናንት የገዛውን መጽሐፍ ሰጠኝ» ብላችሁ የሰጠኝ ወንድሙ መሆኑን ትረዱታላችሁ። አማርኛ ባለቤቱን በስም ሳይጠራ ግሱ ላይ ብቻ አመልክቶ ማለፍ ስለሚችል ይህ አነባበብ ምንም እንከን አይወጣለትም።

ሦስቱም ትክክል ናቸው። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም ያው ነው። የተለያየው የትኛው ቃል በየትኛው ላይ እንደተንጠለጠለ ብቻ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ኮምፒዩተር ይህን ዓይን የማያየውን መንጠልጠል እንዴት እንደሚፈልገው ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ የማሽኑ ችግር ትንታኔ ማጣት ሳይሆን ትንታኔ መብዛት ነው። ከብዙዎቹ አንዱን የሚመርጥበት ማስተዋል ደግሞ ከማሽኑ አይወጣም፤ ቋንቋውን ከሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው የሚገኘው። የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ያዙልኝ።

የቃላትን ትስስር ወረቀት ላይ ለማስፈር ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ዓረፍተ ነገሩን ወደ ሐረግ፣ ሐረጉንም ወደ ቃል እየከፈለ ይወርዳል። ኖም ቾምስኪ በ1957 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ይህን አከፋፈል ቀመር አበጀለት። አማርኛን በዚህ ዓይን ማየት የሚሻ የፕሮፌሰር ባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» ያንብብ፤ በ1987 ዓ.ም. የታተመ ነው። ሁለተኛው መንገድ የፈረንሳዊው የሉሲየን ቴኒየር ነው። በእሱ ዘንድ ሐረግ የሚባል መካከለኛ እርከን የለም፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ ገዥ አለው፣ ገዥ የሌለው ዋናው ግስ ብቻ ነው። ቴኒየር በ1954 አረፈ፤ ትልቁ መጽሐፉ የወጣው በ1959 ነውና ታትሞ አላየውም። ዛሬ ግን በኮምፒዩተሩ ሙያ በብዛት የሚሠራበት የእሱ መንገድ ነው፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

የእኛን ዓረፍተ ነገር በቴኒየር መንገድ እንሣለው፤ እንዲህ ያለው ሥዕል በሙያው ዛፍ ይባላል። ቁንጮው «ሰጠኝ» ነው። ምን ሰጠ? «መጽሐፍ»፤ ስለዚህ «መጽሐፍ» በ«ሰጠኝ» ላይ ይንጠለጠላል። የትኛውን መጽሐፍ? «የገዛውን»፤ እሱም በ«መጽሐፍ» ላይ ይንጠለጠላል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። የሚያከራክሩት «ከበደ» እና «ትናንት» ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወይ የ«የገዛውን» ወይ የ«ሰጠኝ» ጥገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው፤ እኛ ግን ሦስት አነባበብ ብቻ ነው ያገኘነው። አራተኛው የት ገባ? አራተኛው ከበደ ገዛ፣ ሌላ ሰው ትናንት ሰጠኝ የሚለው ነበር፤ ጆሯችሁ እንደማይቀበለው እርግጠኛ ነኝ። ምክንያቱን በእርሳስ ማየት ይቻላል። ከ«ከበደ» እስከ «የገዛውን» በቃላቱ አናት ላይ ቅስት ስሩ፤ ከ«ትናንት» እስከ «ሰጠኝ» ሌላ ቅስት ስሩ። ሁለቱ ይቆራረጣሉ። የሰው ልጅ ቋንቋዎች እንዲህ ያለውን መቆራረጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሹታል። ይህን ሕግ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም፤ ግን ሁላችንም እንጠብቀዋለን።

ማሽን ይህን ሥራ ሲጀምር ምን እንደገጠመው ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ታሪክ በደንብ ያሳያል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሱሱሙ ኩኖና አንተኒ ኦቲንገር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን የሚፈታ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ጊዜ እንደ ቀስት ይበርራል የሚለውን የእንግሊዞች አባባል ሲሰጡት አንድ መልስ ሳይሆን በርከት ያሉ ትንታኔዎችን ዘረዘረላቸው። «ይበርራል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዝንቦች ማለትም ስለሚሆን፣ ማሽኑ ቀስትን የሚወዱ «የጊዜ ዝንቦች» የሚባሉ ነፍሳት አሉ የሚለውንም አነበበ፤ የዝንቦችን ፍጥነት የቀስትን ፍጥነት በምትለካበት መንገድ ለካ የሚል ትእዛዝም አገኘበት። ሰው ይስቃል፤ ማሽኑ ግን አልተሳሳተም። ከሰዋስው ሕግ አንድም አላፈረሰም። እኛ እነዚያን አነባበቦች ሳናያቸው የምናልፈው ሕግ ስለምናውቅ ሳይሆን ዓለምን ስለምናውቅ ነው።

የቅኔ መምህር ቢሆን ይህን ፕሮግራም እጁን ይዞ ጉባኤው ውስጥ ያስገባው ነበር። አንድን ቃል ሁለት ቦታ ማሳረፍ፣ በሰሙ ሌላ በወርቁ ሌላ ማስነበብ እዚያ የተማሪው መመዘኛ ነው። ግስ፣ ርባ ቅምርና አገባብ እየተባለ ለዓመታት የሚጠናው ለዚህም ጭምር ነው። እኛ ጋ ክብር የነበረው ነገር ለመሐንዲሶቹ ራስ ምታት ሆነባቸው።

የራስ ምታቱን መጠን በቁጥር እንየው። ቃላት ሁለት ሁለት እየተቧደኑ ሐረግ ይሠራሉ እንበል። ሦስት ቃላትን በ2 መንገድ ማቧደን ይቻላል፤ አራትን በ5፣ አምስትን በ14፣ ስድስትን በ42። አሥር ሲደርስ 4,862 ይሆናል። ሃያ ቃላት ላላት አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም በየጋዜጣው ለምናነባት ዓይነት፣ ከ1.7 ቢሊዮን በላይ ነው። እርግጥ ሰዋስው አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ የሚተርፈውም ግን አንድ በአንድ ሊታይ አይችልም።

መውጫውን በ1960ዎቹ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው አገኙት፦ አሜሪካዊው ጆን ኮክ፣ ጃፓናዊው ታዳኦ ካሳሚና ዳንኤል ያንገር። ዘዴው ዛሬም በሦስቱ ስም ይጠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከቢሊዮኖቹ ትንታኔዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችን ይጋራሉና እያንዳንዱን ቁርጥራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ፈትተህ ሰንጠረዥ ላይ ጻፈው፤ ሲያስፈልግህ ከሰንጠረዡ አንሣው። እንዲህ ሲሆን ሥራው የሚያድገው በቃላቱ ብዛት ኩብ ልክ ነው። ለሃያ ቃላት ወደ 8,000 የሚጠጋ እርምጃ ማለት ነው፤ የዛሬ ስልክ ዓይኑን ሳይጨፍን ይሠራዋል። ኮክና ጓዶቹ ግን የፈቱት የብዛቱን ችግር ነው። ሰንጠረዡ ሁሉንም አነባበብ አጭቆ ይይዛል፤ የቱ ይሻላል ቢሉት መልስ የለውም።

ለዚህ መልስ መሰብሰብ የጀመረው በ1989 ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሰልችተው የማይተዉ አንባቢዎችን አስቀምጠው፣ በተለይ የዎል ስትሪት ጆርናልን ዜናዎች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ትክክለኛው ትስስር ይህ ነው እያሉ በእጅ አስተነተኑ። በ1993 ሥራው በምርምር መጽሔት ሲቀርብ ስብስቡ በጠቅላላው 4.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ነበሩት። እንዲህ ያለ ክምችት በሙያው ትሪባንክ ይባላል፤ እኔም እንዲሁ ልጥራው። ከዚያ በኋላ የማሽኑ ሥራ ሕግ መከተል መሆኑ ቀርቶ የሰዎቹን ምርጫ ቆጥሮ መማር ሆነ። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ታሪክ ከየትኛውም የሒሳብ ግኝት ይልቅ ይህ አሰልቺ የእጅ ሥራ ይበልጣል። የእነዚያን አንባቢዎች ስም ግን የሚያስታውስ የለም፤ የሚጠቀሱት የፕሮጀክቱ መሪዎች ናቸው።

አሁን ማሽኑ ምርጫውን ሲያደርግ ቀረብ ብለን እንየው። ስዊድናዊው ዩአኪም ኒቭሬ ከ2003 ጀምሮ ካሳወቃቸው ዘዴዎች ጋር ዘመድ የሆነውን አንዱን ልውሰድ፤ ግሱን መጨረሻ ላይ ለሚያስቀምጠው ለአማርኛ በጣም ይስማማል። ቃላቱ በወረፋ ይቆማሉ። ከወረፋው አጠገብ ቁልል አለ፤ እንደ እንጀራ ቁልል ነው፣ የሚነሣው ሁልጊዜ ከላይ ያለው ነው። ማሽኑ በየእርምጃው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ከወረፋው ፊት ያለውን ቃል ቁልሉ ላይ ይጭናል፣ ወይ ከቁልሉ አናት ያለውን ቃል አንሥቶ በወረፋው ፊት ባለው ቃል ላይ ያንጠለጥላል።

«ከበደ» ተጫነ፤ «ትናንት» በላዩ ተጫነ። ከወረፋው ፊት «የገዛውን» ቆሟል። ውሳኔው እዚህ ነው። ማሽኑ «ትናንት»ን አንሥቶ በ«የገዛውን» ላይ ቢያንጠለጥለው መግዛቱ ትናንት ሆነ ማለት ነው። «ከበደ» አሁን ከቁልሉ አናት ስለሆነ ሌላ ምርጫ ይመጣል፦ እሱም በ«የገዛውን» ላይ ይንጠልጠል ወይስ ቁልሉ ውስጥ ሆኖ «ሰጠኝ»ን ይጠብቅ? ከሁለቱ የመጀመሪያው ወንድምየውን ሰጪ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከበደን። ማሽኑ በፊተኛው ውሳኔ ላይ «ትናንት»ን ሳይነካ «የገዛውን»ን በላዩ ቢጭነው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። «የገዛውን» በ«መጽሐፍ» ላይ፣ «መጽሐፍ» በ«ሰጠኝ» ላይ ይንጠለጠላሉ፤ «ትናንት»ና «ከበደ» ተከትለው ወደ «ሰጠኝ» ይሄዳሉ። ልብ በሉ፤ በዚህ መንገድ «ከበደ» ወደ «የገዛውን» መድረስ አይችልም፣ ምክንያቱም «ትናንት» በላዩ ተቀምጦበታል። ጆሯችን ያልተቀበለው አራተኛው አነባበብ በዚህ አሠራር ውስጥ ከመጀመሪያውም ቦታ የለውም። ጠቅላላው ሥራ አምስት መጫንና አራት ማንጠልጠል፣ ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ነው።

ውሳኔው ላይ ማሽኑ የሚያማክረው ከትሪባንክ የተማረውን ነው፦ «ትናንት» የመሰለ ቃል ከጎኑ እንዲህ ያለ ግስ ሲያገኝ ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወዴት አንጠለጠሉት? ሁለት ቃላት ብንለውጥ ምን እንደሚሆንም እዩ። «ከበደ ነገ የገዛውን መጽሐፍ ይሰጠኛል።» «ነገ» ካለፈው «ገዛ» ጋር አይሄድምና የግድ ወደ «ይሰጠኛል» ይሄዳል። ቅስቶች እንዳይቆራረጡ ስለሚያስፈልግ ደግሞ «ከበደ»ን ይዞት ይሄዳል። ሦስት የነበረው አነባበብ አንድ ሆነ። ይህን የተማረ ማሽን ጊዜን አወቀ ባልልም የጊዜን ምልክት አውቋል።

ስለ ውጤታማነት አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ማስታወቂያ ያታልላልና። በ2016 ጉግል ለሕዝብ የለቀቀው የእንግሊዝኛ ተንታኝ በዜና ጽሑፍ ላይ ከቃላቱ ከ94 በመቶ በላይ ትክክለኛ ገዥ ያገኛል ተብሎ ነበር። ይህ ቁጥር የሚቆጥረው ቃልን እንጂ ዓረፍተ ነገርን አይደለም። በእያንዳንዱ ቃል የመሳካቱ ዕድል 94 በመቶ ቢሆን፣ ስሕተቶቹም ለየብቻቸው የሚመጡ ቢሆኑ፣ ሃያ ቃላት ያሉትን ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይስት የመፍታቱ ዕድል 29 በመቶ ገደማ ነው። ደግሞ ስሕተቱ የሚወድቀው ቀላሉ ቃል ላይ ሳይሆን እኛም የምንከራከርባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

እስካሁን አማርኛን የወሰድኩት ቃላቱ ተለይተው ተሰልፈው እንደሚጠብቁን አድርጌ ነው። እንዲያ ቢሆን በወደድኩ! እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦ «ትናንት የመጣው ሰውዬ ልጅ ታመመ።» «ትናንት የመጣው የሰውዬው ልጅ ታመመ።» በመጀመሪያው ትናንት የመጣው ሰውየው ነው፣ የታመመው ልጁ። በሁለተኛው የመጣውም የታመመውም ልጁ ነው። የመጀመሪያው ውስጥ ልጁ የሰውየው መሆኑን የሚናገረው «የ» የት አለ? «ሰውዬ» ላይ የለም። ሰውየው ሌላ ገላጭ ስላስቀደመ «የ»ው ወደዚያ ተሻግሮ «የመጣው» ላይ ከነበረው «የ» ጋር ተዋጠ። አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። «በመጣው መኪና ሄደች» ስንልም እንደዚሁ፤ «በ» የመኪናው ነው፣ ተለጥፎ የምናገኘው ግን ግሱ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ቃልን በቃል ላይ ከማንጠልጠሉ በፊት ቃሉን ራሱን መፈልፈል አለበት። «ስላልነገረችኝ» በእኛ አጻጻፍ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ምክንያት፣ አፍራሽ፣ ግስ፣ ባለቤትና ተሳቢ አሉ። ማይክል ጋሰር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሠሩት ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለኦሮምኛ ይህን መፈልፈል ይሠራል፤ በመስኩ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይደገፍበት አልቀረም።

መጥበቅና መላላት የማይጻፍ መሆኑም አለ። «ሰውየው ይሰማል» ተብሎ ቢጻፍ ሰውየው ሰሚ ይሁን ተሰሚ ከጽሑፉ አይታወቅም፤ አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል፣ ማሽኑም ያው ከዐውዱ ነው መለየት ያለበት። የ«ሀ»ና የ«ሠ» ሞክሼ ፊደላት ነገር ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፣ አልፈዋለሁ። ለፍትሕ ያህል ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛ የሚቀልልበትን አንድ ቦታ ልጥቀስ፦ አራት ነጥብ። የእንግሊዝኛ ነጥብ ምሕጻረ ቃልም ላይ፣ አስርዮሽ ቁጥርም ላይ ስለሚውል ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ ማወቅ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የእኛ አራት ነጥብ ሌላ ሥራ የለውም። አለቀ ካለ አልቋል።

ትሪባንክስ? ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ የሚባል ዓለም አቀፍ የጋራ ሥራ አለ፤ ቋንቋዎችን ሁሉ በአንድ ዓይነት ምልክት ለመተንተን የተቋቋመ ነው። በ2015 መጀመሪያ በ10 ቋንቋዎች ጀምሮ ዛሬ ከ100 በላይ ሆኗል። አማርኛ በዚህ ማኅበር ውስጥ አለ። ቢንያም ኤፍሬም ሥዩም፣ ዩሱኬ ሚያዎና ባዬ ይማም በ2018 ያቀረቡት ትሪባንክ በእጅ የተተነተኑ 1,074 ዓረፍተ ነገሮችን ይዟል፤ ተለጣፊዎቹ እየተነጠሉ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ገዥው እየተለየለት። ከፔንሲልቬንያው 4.5 ሚሊዮን ቃላት ጋር ስታስተያዩት ልብ ይሰብራል። እኔ ግን በዚህ በኩል ተስፋ እቆርጥ ዘንድ አልፈልግም፤ በባዶና በ1,074 መካከል ያለው ርቀት ከ1,074 እስከ 40,000 ካለው ይበልጣል። መከራከሪያው፣ ምልክቱ፣ የአነጣጠል ሕጉ ተቀምጧል። የቀረው ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰውና ደመወዙን የሚከፍለው ነው።

አንዳንዱ ወጣት ይህን ሲሰማ «ጥያቄውን ሁሉ የሚመልሱ የውይይት ፕሮግራሞች ባሉበት ዘመን የዓረፍተ ነገር ዛፍ ምን ያደርጋል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች ዛፍ ሳይሰጣቸው በአብዛኛው ከብዙ ጽሑፍ ነው የሚማሩት። ይሁን እንጂ በ2019 ጆን ሂዊትና ክሪስቶፈር ማኒንግ በስታንፎርድ እንደ እነሱ ዛፍ ሳይሰጠው የተማረውን፣ በርት የተባለውን የእንግሊዝኛ ሞዴል ውስጡን ሲፈትሹ፣ ቃላትን ከሚወክልባቸው ቁጥሮች ውስጥ የዛፉን ርቀቶች ወደ እውነት በተጠጋ ሁኔታ መልሶ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ማንም ያላስተማረውን አገባብ በራሱ መንገድ አከማችቶት ነበር። ይህን ሊያውቁ የቻሉት ግን የሚያነጻጽሩበት በሰው የተሠራ ዛፍ በእጃቸው ስለነበረ ነው። ለአማርኛም የማሽኑ አማርኛ ከላይ ሲነበብ ያማረ መሆኑና ማን ሰጠ ማን ገዛ የሚለውን ለይቶ መያዙ ሁለት ነገር ናቸው፤ ሁለተኛውን ለመፈተን መፈተኛው ያስፈልጋል።

መፈተኛውን መሥራትም ከጠብ አያመልጥም። «ልጁ ተማሪ ነው» የሚለውን ውሰዱ። ትምህርት ቤት የተማርነው ማሰሪያ አንቀጹ «ነው» እንደሆነ ነው። በዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ ሕግ ግን ቁንጮው «ተማሪ» ነው፣ «ነው» ደግሞ የእሱ ጥገኛ። ምክንያታቸው ዓረብኛና ሩስኛ ይህንኑ ሐሳብ ያለ «ነው» ስለሚናገሩት፣ «ነው»ን ቁንጮ ብናደርግ የአንድ ሐሳብ ዛፍ በየቋንቋው ይለያያል የሚል ነው። ንጽጽር ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። እኔ አይዋጥልኝም፤ ነኝ፣ ነህ፣ ናት፣ ናቸው እያለ በባለቤቱ ልክ የሚረባን ቃል ጥገኛ ማለት ይከብደኛል። ነገሩ ይበልጥ የሚጠብቀው «በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን ያሸነፈችው ደራርቱ ናት» ላይ ስትደርሱ ነው። በሕጉ መሠረት የዚህ ሁሉ ቁንጮ «ደራርቱ» ትሆናለች፤ ማሸነፉም፣ ባርሴሎናም፣ 10,000 ሜትሩም በስሟ ላይ ይንጠለጠላሉ። ይህን የሚደግፉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክሩን በጥያቄው ሰዓት ከእነሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።